ወንድሜ የላከልኝ ራውተር ገና ስንሰካው ተቃጠለ

ውድ አማካሪ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዬ የዕቃ ጉዳይ ይመስላል። የዕቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ባልጻፍኩልዎ።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ ነው። እኔ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖረው ሌላ አገር ነው። እናታችንም ከእኔ ብዙም ሳትርቅ ትኖራለች። ወንድሜ እጁ አይሰስትም። በቪዲዮ ስናወራ ምስሉ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረው ጥሩ የተባለ ራውተር ገዝቶ በሰው ላከልኝ። ከዚያ በፊትም ላፕቶፕ ልኮልኛል።

ራውተሩ የደረሰ ዕለት የቻርጀሩ ስፒና ከእኛ ሶኬት ጋር አልገጥም አለ። ባለቤቴ ማስገጠሚያ ገዝቶ መጣና ሰካው። ወዲያው ጧ አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ቻርጀሩ በዚያው ሞተ። በነጋታው ባለቤቴ ቀዳዳው ላይ የሚገባ ሌላ ቻርጀር ቤት ውስጥ ፈልጎ ሰካበት፤ ራውተሩም በራ። ነገር ግን ልጆቹ ቪዲዮ ሲከፍቱ ራሱን በራሱ ያጠፋል፣ መልሶ ያበራል። አሁን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የምንጠቀመው ኢንተርኔት ያስገባልን ድርጅት የሰጠንን ነው። ላፕቶፑ ደግሞ የድርጅቱን ራውተር ዋይፋይ አንዳንድ ቀን ያየዋል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይታየውም። የሁላችንም ስልክ ግን ሁልጊዜ ያየዋል።

ወንድሜ በደወለ ቁጥር «ራውተሩ እንዴት ነው?» ይለኛል። እኔም «በጣም አሪፍ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት «እንዲህ ከሠራማ ለእማዬም ሲም የሚገባበት ዋይፋይ ልገዛላት ነው» አለኝ። አፌ ተያዘ።

ባለቤቴ «አትንገሪው፣ ይከፋዋል፤ እኔንም እንደማልረባ ይቆጥረኛል» ይላል። የሥራ ባልደረባው ደግሞ ሌላ መላ አምጥቷል። «በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ አገሩን አሜሪካ ብላችሁ ሙሉት፣ ኃይል ይጨምራል። ካስፈለገም ሶፍትዌሩን እቀይርላችኋለሁ» ብሎታል። እኔ እውነቱን ብናገር ቅልል ይለኛል። ግን ይህን ሁሉ ጊዜ እንደዋሸሁት ሲያውቅስ?

ጥፋቱ የማን ነው? እንዴት ብዬስ ልንገረው? ዕቃውስ ይድናል?

ግራ የገባት እህት

መልስ

ውድ እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። ዕቃው ሳይድን አይቀርም። የሞተው ቻርጀሩ ነው። ራውተሩ በሌላ ቻርጀር በርቶ፣ ልጆቹም ኢንተርኔት ተጠቅመውበታል። ውስጡ ቢቃጠል ኖሮ እዚያ ድረስ አይደርስም ነበር። ስለዚህ ለወንድምሽ የምትነግሪው ዜና በሐሳብሽ ያገዘፍሽውን ያህል ከባድ አይደለም።

ጥፋቱ የማን ነው ላልሽው ግን መጀመሪያ አንድ ነገር እንይ። የተቃጠለውን ቻርጀር ካልጣላችሁት አውጪውና ጀርባውን አንብቢ። ጽሑፉ እጅግ ደቃቅ ነው። በስልክሽ ፎቶ አንሺውና አጉልተሽ ተመልከቺ። (እነዚህን ጽሑፎች እንዲህ የሚያደቅቋቸውን ሰዎች ባገኛቸው የምጠይቃቸው ነገር አለኝ።) «ኢንፑት» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ታገኛለሽ። ከጎኑ ያለው ቁጥር «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ ቻርጀሩ በየትኛውም አገር መብራት እንዲሠራ የተሰናዳ ነው። እንደዚያ ሆኖ ከተቃጠለ ወይ ከፋብሪካው ሲወጣ ችግር ነበረበት፣ ወይ በዚያች ደቂቃ የቤታችሁ መብራት ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። ሁለቱም የማንም ሰው ጥፋት አይደሉም።

እኔ የምጠረጥረው ግን ሌላውን ነው። «120 ቮልት» ወይም «ከ100 እስከ 120 ቮልት» ብቻ የሚል ይመስለኛል። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ ከሚሠሩ ራውተሮች አንዳንዶቹ እንዲህ ያለ ቻርጀር ይዘው ነው የሚሸጡት። ወንድምሽ ባለበት አገር ግድግዳው ላይ ያለው መብራት 120 ቮልት ነው። ጃፓን 100 ነው። አብዛኛው የቀረው ዓለም ከ220 እስከ 240 ይጠቀማል። ስለ አገርሽ ባትነግሪኝም፣ ከጧታው ስነሳ ያለሽው ከ220 እስከ 240 ከሚጠቀመው ወገን ነው። ያ ቻርጀር ከተሠራለት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ቮልት በአንድ ጊዜ ደረሰበት ማለት ነው። ባለቤትሽ የገዛው ማስገጠሚያ ደግሞ የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው የሚያስተካክለው። ቮልቱን አይነካውም። በግድግዳው ያለው ሁሉ እንዳለ ያልፋል።

ይህ ነገር ብዙ ሰው ይሸውዳል። ምክንያቱም የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበሉ፣ በማስገጠሚያ ሰክተናቸው ስንት ዓመት ምንም ሳይሆኑ ይሠራሉ። ላፕቶፕሽም እስካሁን በዚህ መንገድ ሲሠራ ኖሯል። ባለቤትሽ ያደረገው ያንኑ የለመደውን ነው። ወንድምሽም ቢሆን በሱቅ ውስጥ ሆኖ የቻርጀሩን ጀርባ የሚያነብበት ምክንያት አልነበረውም፤ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ስለ ፍጥነት ነው። እና የማን ጥፋት ነው? እኔ አንድም ተከሳሽ አላገኘሁም።

አሁን ስለ ሁለተኛው ቻርጀር። እባክሽ እሱን መልሳችሁ እንዳትሰኩት። ራውተሩ ሥራ ሲበዛበት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣለት ጉልበት ስለማይበቃው ነው። የራውተሩን ሆድ ገልብጠሽ ብታይ የሚፈልገው ተጽፎበታል። ለምሳሌ «12 ቮልት፣ 2.5 አምፔር» ይል ይሆናል። ቤት ውስጥ የተገኘው ቻርጀር 12 ቮልት ሆኖ 1 አምፔር ብቻ ከሆነ፣ ዝም ብሎ ለመብራት ይበቃዋል፤ ሁሉም ቪዲዮ ሲከፍት ግን ይወድቃል። ራውተሩን ከማድከሙም ሌላ ቻርጀሩ ራሱ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ይግላል። የሚግል ቻርጀር ልጆች ባሉበት ቤት አያስፈልግም።

ትክክለኛውን ስትፈልጉ አራት ነገር መመሳሰል አለበት። ቮልቱ ራውተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ መብለጥም ማነስም የለበትም። አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። ቢበልጥ ግድ የለም፤ ራውተሩ የሚወስደው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ሦስተኛው ፕላስና ማይነሱ ነው። ነጥብና ግማሽ ክብ ያለበት ትንሽ ሥዕል ራውተሩም ቻርጀሩም ላይ አለ፤ የመሐሉ ነጥብ ከፕላሱ ጋር ተያይዞ ከሆነ ሁለቱም ላይ እንደዚያ መሆን አለበት። አራተኛው ጫፉ ነው። በብዛት የሚታየው ክብ ጫፍ ከውጭ 5.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የውስጡ ቀዳዳ ግን 2.1 ወይም 2.5 ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። የገባ መስሎ የሚላላ ከሆነ ነካ ባደረጉት ቁጥር ይጠፋል። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግሽም። የራውተሩን ሆድ ፎቶ አንሺና ለሻጩ አሳዪው። «ኢንፑቱ» ደግሞ ከ100 እስከ 240 የሚል ይሁን።

አንዳንድ ሻጭ «220ን ወደ 110 የሚቀንስ ዕቃ ልስጥሽና የመጀመሪያውን ዓይነት ቻርጀር ተጠቀሚ» ሊልሽ ይችላል። እኔ አልመክርሽም። ለተጓዦች የሚሸጡት ትንንሾቹ መቀነሻዎች የተሠሩት እንደ ካውያ ላለ ለሚሞቅ ዕቃ ነው፤ ለኤሌክትሮኒክስ አይሆኑም። ትልልቆቹ ትራንስፎርመሮች ይሠራሉ፤ ግን ከባድ ናቸው፣ ያጉረመርማሉ፣ ቀንና ሌሊት መብራት ይበላሉ። አንዲት ትንሽ ቻርጀር የምትፈታውን ነገር ለምን ታገዝፊዋለሽ?

የዕቃው ነገር ይኸው ነው። ወደ ሰዎቹ ልምጣ።

ባለቤትሽ «እንደማልረባ ይቆጥረኛል» ማለቱ ከሁሉም በላይ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያን ዕለት ምን እንደተሰማው ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ቻርጀሩ በእሱ እጅ ነው የጮኸው። በአማቹ ገንዘብ የተገዛ፣ ከሩቅ የመጣ ስጦታ። ልጆቹም አጠገቡ ሳይኖሩ አይቀሩም። በነጋታው ሌላ ቻርጀር ፍለጋ ቤቱን ማተራመሱ ራሱ የሚነግርሽ ነገር አለ። «አትንገሪው» ሲልሽ ስለ ወንድምሽ ስሜት የሚያወራ ይመስላል፤ እኔ ግን ስለ ራሱም የሚያወራ መሰለኝ። ስለዚህ ለወንድምሽ ከመንገርሽ በፊት ለባለቤትሽ አንድ ነገር ንገሪው። የቻርጀሩን ጀርባ አሳዪውና «ተመልከት፣ ማንም ቢሰካው ይቃጠል ነበር» በይው። ከዚያ በኋላ አሁንም «አትንገሪው» ይል እንደሆነ ትሰሚያለሽ። የሚል አይመስለኝም።

ወንድምሽን በሚመለከት ግን ጊዜ የለሽም። ለእናታችሁ ሊገዛ ነው። እስካሁን ያልሽው «አሪፍ ነው» የሚጎዳው ሰው አልነበረም፤ ካንቺ ከራስሽ በቀር። አሁን ግን ያ ቃል ገንዘብ ሊያስወጣው ነው። ያውም ለእናቱ ብሎ። ሲም የሚገባበት ዋይፋይ ደግሞ ከቤት ራውተር ይልቅ አገር የሚመርጥ ዕቃ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ለእሱም ስትነግሪው ይጠቅምሻል።

የሞባይል ኔትወርክ በየአገሩ በተለያየ ሞገድ ነው የሚሄደው። ሞገዶቹ «ባንድ» እየተባሉ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። አውሮፓ ውስጥ 4ጂ በብዛት የሚሠራው በባንድ 3፣ 7 እና 20 ነው። ሰሜን አሜሪካ ደግሞ እንደ 2፣ 4፣ 12፣ 13፣ 66 እና 71 ያሉትን ይጠቀማል። ለአንዱ ገበያ የተሠራ ዕቃ የሌላውን ባንድ ላያውቅ ይችላል። ሲሙን ታስገቢያለሽ፣ ይበራል፣ ኔትወርክ ግን የለም። ወይም መስኮት አጠገብ ይይዝና ሳሎን ሲገባ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ግድግዳ የሚያልፈው ዝቅተኛው ሞገድ ዕቃው ውስጥ የለም። በዚህ ላይ ከቴሌኮም ድርጅት በቅናሽ የተገዛ ከሆነ የሌላ ድርጅት ሲም እንዳይቀበል ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ሲም የሚገባበት ዕቃ ሁሉ ካልተመዘገበ ከኔትወርክ ይቆረጣል። እናታችሁ ለዚህ ሁሉ ጣጣ ምን አደረገች?

ስለዚህ እባክሽ ራውተሩ እስኪስተካከል አትጠብቂ። «መጀመሪያ ላሠራውና ከዚያ እነግረዋለሁ» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል፤ ይገባኛል። መልካም ዜና ይዞ መናገር ይቀላል። ግን ትክክለኛውን ቻርጀር ፍለጋ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ነገ ሊከፍል ይችላል።

እንዴት ብዬ ልንገረው ላልሽው፣ በስልክ ፊት ለፊት ከከበደሽ በጽሑፍ ጀምሪው። የቻርጀሩ ጀርባ እንደጠረጠርኩት ከሆነ እንዲህ ብትይስ?

«ወንድምዬ፣ የደበቅኩህ ነገር አለ። ራውተሩን የሰካን ዕለት ቻርጀሩ ተቃጠለ። ለካ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነበር፤ እዚህ ያለው መብራት ግን ወደ እጥፉ ነው። ብዙ ደክመህበት ስለላክልኝ እንዳይከፋህ ብዬ ዝም አልኩ። ጥሩ አላደረግኩም። ለእማዬ ልትገዛ ነው ስትለኝ ግን መንገር እንዳለብኝ ገባኝ፤ እባክህ እስክናወራ አትግዛ። ራውተሩ ራሱ ደህና ነው። የቻርጀሩን ጀርባ ፎቶ ልኬልሃለሁ።»

እንደምታዪው ማን እንደሰካው አልተጻፈም። «የሰካን» ይበቃል። ይቅርታውም አንዴ ብቻ ነው። አሥር ጊዜ ይቅርታ ብትጠይቂው እሱ አንቺን ማጽናናት ይጀምራል፤ ያ ደግሞ ሌላ ሸክም ነው።

ይከፋዋል? ትንሽ ሊከፋው ይችላል። ቻርጀሩ ሳይሆን «አሪፍ ነው» ያልሽው ሊቆረቁረው ይችላል። «ለምን ደበቅሽኝ?» ካለሽ አትከላከይ። ያስፈራሽን ነገር ንገሪው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ወንድምሽ ራውተር የላከው ለምን ነበር? ድምፅሽና ፊትሽ ሳይቆራረጥ ሊያይሽ ፈልጎ ነው አይደል? እንዲህ ያለ ሰው ከተቃጠለ ቻርጀር ይልቅ እህቱ በየስልኩ እየተጨነቀች ማውራቷ የሚያሳዝነው ይመስለኛል። እሱን ግን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ለእናታችሁ ደግሞ አብራችሁ ምረጡ። ዕቃውን እሷ ካለችበት አገር መግዛት ይሻላል። ባንዱ ይገጥማል፣ ስፒናው ይገጥማል፣ ቢበላሽ ወስዶ የሚመለስበት ቦታ አለ። ዋስትና ብዙውን ጊዜ ዕቃው ከተገዛበት አገር አይወጣም። ወንድምሽ የላኪነት ደስታው እንዳይቀርበት ግን አስቢበት። በቪዲዮ እያየ እሱ ይምረጥ፣ እሱ ይክፈል፣ ለእማዬም «ልጅሽ የገዛልሽ» ብለሽ ስጫት። የግድ እልካለሁ ካለም የዕቃውን ባንዶች ቁጥር አስቀድሞ ይላክልሽና እናታችሁ ከምትጠቀምበት የቴሌኮም ድርጅት አጣሪ። ያልተቆለፈ መሆኑንም በደንብ ይጠይቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ሁላችሁም የዘለላችሁት መሰለኝ። መጀመሪያ የተቆራረጠው ምን ነበር? ዋይፋዩ ነው ወይስ መስመሩ? ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ ድርጅቱ ከሰጣችሁ ራውተር ጋር አያይዢና ለወንድምሽ በቪዲዮ ደውዪ። በገመድም ከተቆራረጠ ችግሩ ከውጭ በሚመጣው መስመር ነው፤ የዓለም ምርጡ ራውተር አይፈታውም። መደወል ያለብሽ ኢንተርኔት ላስገባላችሁ ድርጅት ነው። በገመድ ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ ከተቆራረጠ ግን የወንድምሽ ራውተር ቦታ አለው። ያኔ የድርጅቱን ራውተር አትንቀሉት። መስመሩን የሚቀበለው እሱ ነው፤ የአሜሪካው ብዙውን ጊዜ ያንን ሥራ አይሠራም። አዲሱን በገመድ ከእሱ ጋር አያይዙትና «አክሰስ ፖይንት» (ዋይፋይ ማሰራጨት ብቻ) የሚለው ምርጫ ላይ አድርጉት። ሁለቱም ራውተር ነኝ ካሉ አንዳንድ ነገር ይጣረሳል።

የባለቤትሽን ባልደረባ በሚመለከት ጠንከር ብዬ ልናገር ነው። ተዉት። አንደኛ፣ ራውተሩ ከአሜሪካ ነው የመጣው፤ አገሩ ቀድሞውኑ አሜሪካ ነው! ለዚያ ገበያ የሚሸጡት ብዙዎቹ እንዲያውም አገር መቀየሪያ የላቸውም። ሁለተኛ፣ የራውተሩን ኃይል መጨመር የሚያመጣው ነገር ትንሽ ነው። በድምፅ ማጉያ ከሩቅ የሚጣራ ሰው አስቢ፤ አንቺ ትሰሚዋለሽ፣ የአንቺ መልስ ግን አይደርሰውም። የስልክሽ ትንሽ አንቴናም እንደዚያው ነው። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይታይሻል፣ ገጹ ግን አይከፈትም። ሦስተኛ፣ ለሌላ ሞዴል የተሠራ ሶፍትዌር ቢጭንበት ራውተሩ ዳግም ላይነሳ ይችላል። ከአንድ ኪሳራ ወደ ሁለት ማለት ነው።

ደግሞም አገሮች ገደብ ያበጁት እንዲሁ አይደለም። 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ አውሮፓ የሚፈቅደው ኃይል 100 ሚሊዋት ነው፤ አሜሪካ ከዚያ ብዙ እጥፍ ትፈቅዳለች። 5 ጊጋኸርዝ በሚባለው ሌላው ሞገድ ውስጥ ደግሞ ዋይፋይ ከራዳር ጋር የሚጋራቸው ቻናሎች (የሞገዱ ክፍልፋዮች) አሉ። ራውተሩ እነዚያን ከመጠቀሙ በፊት ጆሮውን ሰጥቶ ማዳመጥና ራዳር ከሰማ መልቀቅ አለበት። ፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን ላይ ይህን ያላከበሩ መሣሪያዎች ለአውሮፕላን ማረፊያ የሚያገለግለውን የአየር ሁኔታ ራዳር ረብሸው የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ባለቤቶቹን ቀጥቷል። ያንቺ ቤት ራውተር ያን ያህል ይረብሻል ማለቴ አይደለም። ግን ሕጉ የሚይዘው ባለቤቱን ነው፣ ባልደረባውን አይደለም።

ይህን ካነሳሁ አይቀር ራውተሩን ከመጠቀማችሁ በፊት በምትኖሪበት አገር ያለውን የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ እዪ። ብዙ አገር ከውጭ የሚገባ ሬዲዮ ያለው ዕቃ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። ይፈቀዳል ካሉሽ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርጊው። በ5 ጊጋኸርዝ ከ36 እስከ 48 ያለውን ምረጪ፤ ቤት ውስጥ በአብዛኛው አገር የሚፈቀደው እሱ ነው። ከ149 ጀምሮ ያሉትን ተዪ። አሜሪካ ውስጥ የተለመዱ ናቸው፣ ሌላ ቦታ ግን ደንቡ እንደየአገሩ ይለያያል። ራውተሩ አዲሱን የ6 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ያንን ሞገድ አጥፊው። አሜሪካ በ2020 ሰፊውን ክፍል ከፍታለች፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2021 የከፈተው ግን ከዚያ ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው አላቸው። የማስተላለፊያ ኃይል መቀነሻ ካለውም ዝቅ አድርጊው።

ላፕቶፕሽ አልተበላሸም ብዬ እገምታለሁ። አሜሪካ ውስጥ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራባቸው ቻናሎች ከ1 እስከ 11 ናቸው። በብዙ ሌሎች አገሮች 12 እና 13 ይጨመራሉ። የድርጅቱ ራውተር ቻናሉን ራሱ ይመርጣል፤ አንዳንድ ቀን 6 ላይ ይቀመጣል፣ አንዳንድ ቀን 13 ላይ። ለአሜሪካ የተሠራው ላፕቶፕ 13ን ላያውቀው ይችላል፤ ስለዚህ ዋይፋዩ «የለም» ይላል። እዚያው አገር የተገዙት ስልኮቻችሁ ግን ያውቁታል። መፍትሔው የድርጅቱን ራውተር ማስተካከያ ገጽ ከፍቶ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ማሰር ነው። አድራሻውና የይለፍ ቃሉ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ሥር ተለጥፏል። ገጹ አልከፍት ካለሽ ወደ ድርጅቱ ደውለሽ «ቻናሉን 6 ላይ አድርጉልኝ» በያቸው። ከዚያም በኋላ ላፕቶፑ ካላየው፣ የሞዴሉን ቁጥር ጨምረሽ ጻፊልኝ።